«የኛ ሰው» ማነው? አውሮፓ 200 ዓመት ሙሉ ያልቋጨችው ጥያቄ

ኦገስት 2024፣ የፓሪስ ኦሎምፒክ መዝጊያ ቀን። የጣሊያን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን አሜሪካን 3 ለ 0 አሸንፎ ወርቅ ወሰደ። ጣሊያን በመረብ ኳስ የኦሎምፒክ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያዋ ነው። የውድድሩ ኮከብ ተብላ የተመረጠችው ደግሞ ፓኦላ ኤጎኑ ናት፤ ጣሊያን ውስጥ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደች ልጅ።

በማግስቱ አንዲት አርቲስት ሮም ውስጥ ግድግዳ ላይ የኤጎኑን ሥዕል ሠራች። ርዕሱ አንድ ቃል ነው፦ «ጣሊያናዊነት»። ብዙም ሳይቆይ አንድ ሰው መጥቶ ቆዳዋን ሮዝ ቀለም ቀባው። መለያዋን አልነካውም።  

ነገሩ የአንድ ባለጌ ሥራ ነው ብለን እንዳናልፈው፣ ከዚያ በፊት በ2023 ሮቤርቶ ቫናቺ የተባለ የጣሊያን ጄኔራል ባሳተመው መጽሐፍ የኤጎኑ መልክ ጣሊያናዊነትን አይወክልም ብሎ ጽፎ ነበር። ሰውየው በ2024 ለአውሮፓ ፓርላማ ተወዳደረ። ከ500 ሺህ በላይ ሰው ስሙን መርጦ ላከው።

እንግዲህ ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። ጣሊያናዊ ማለት ማነው? እዚያ የተወለደ? ቋንቋውን የሚናገር? ግብር የሚከፍል? ወይስ ዘሩ ከጥንት ጀምሮ እዚያ የነበረ? «ከጥንት ጀምሮ» የሚለው ራሱ እውነት ነው ወይ? ዛሬ ብሔርተኝነት አውሮፓ ውስጥ ከየት ተነሥቶ እዚህ እንደደረሰ እናያለን። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው ብትደርሱ አትጎዱም። ዓመተ ምሕረቶቹን በሙሉ የምንጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ንጉሡ ስሙን የቀየረበት ቀን

ብዙዎቻችን ሀገራት ሁሌም የነበሩ ይመስለናል። ፈረንሳይ ፈረንሳይ ነበረች፣ ጀርመን ጀርመን ነበረች፣ በቃ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከ250 ዓመት በፊት አንድን አውሮፓዊ ገበሬ «ማነህ?» ብትሉት ሃይማኖቱን፣ መንደሩን ወይ የጌታውን ስም ይነግራችሁ ነበር። ግዛት ማለት የንጉሥ ንብረት ነው። ነገሥታት ሲጋቡ መሬት በጥሎሽ ይዛወራል፤ ሲዋጉ ይወራረሳል። መሬቱ ላይ ያለውን ሰው «አንተስ ምን ትላለህ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ይሄን የገለበጠው የ1789 የፈረንሳይ አብዮት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የሰብአዊና የዜጎች መብቶች መግለጫ የሥልጣን ምንጭ ሕዝቡ ነው፣ ንጉሡ አይደለም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ የንጉሡ ማዕረግ ራሱ ተቀየረ። «የፈረንሳይ ንጉሥ» የነበረው «የፈረንሳውያን ንጉሥ» ተባለ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል አይደል? ግን ልብ በሉ፦ መሬቱን ይገዛ የነበረው ሰው አሁን የሰዎቹ ተጠሪ ሆነ።

በ1792 ቫልሚ በተባለ ቦታ የፈረንሳይ ወታደሮች የፕራሻን ጦር ሲገጥሙ የጮኹት «ሕዝብ ለዘላለም ይኑር» የሚል ነበር። «ንጉሡ ይኑር» አላሉም። በ1793 ደግሞ መንግሥት መላውን ሕዝብ ለጦርነት ጠራ። ጦርነት የነገሥታትና የቅጥረኞች ሥራ መሆኑ ቀረና የሁሉም ዕዳ ሆነ።

ስለዚህ ብሔርተኝነት ሲወለድ የነፃነት ሐሳብ ነበር። «ሥልጣን የሕዝብ ነው» የሚለውን የማይወድ ማን አለ? ችግሩ ወዲያው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። እሺ፣ ሥልጣን የሕዝብ ይሁን፤ «ሕዝብ» ማለት ግን ማን ማን ነው?

ፈረንሳይኛ የማይናገሩ ፈረንሳውያን

በ1794 አቤ ግሬግዋር የተባለ ቄስና የምክር ቤት አባል በአገሪቱ ስለሚነገሩ ቋንቋዎች ሪፖርት አቀረበ። ውጤቱ ያስደነግጣል። ከ28 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ቢያንስ 6 ሚሊዮኑ ፈረንሳይኛ ጭራሽ አያውቅም። ሌላ 6 ሚሊዮን የሚሆነው ወግ ለመቀጠል እንኳን ይቸገራል። አሳምሮ የሚናገረው 3 ሚሊዮን ቢሆን ነው። ሌላው ብሬቶንኛ፣ ባስክኛ፣ ኦክሲታንኛ፣ የጀርመን ዘዬ፣ ምኑ ቅጡ።

በነገራችን ላይ የፈረንሳይ ብሔራዊ መዝሙር የተደረሰው በ1792 ስትራስቡርግ ከተማ ውስጥ ነው። ያኔ አብዛኛው የስትራስቡርግ ነዋሪ አፉን የፈታው በጀርመን ዘዬ ነበር።

ጣሊያን ደግሞ የባሰች ናት። በ1861 ስትዋሐድ ጣሊያንኛ የሚናገረው ሕዝብ ከመቶ ጥቂት እጅ ብቻ ነበር። ቱሊዮ ዴ ማውሮ የተባለው የቋንቋ ምሁር 2.5 በመቶ አካባቢ ነው ብሎ ገምቷል። ሌሎች ምሁራን ቁጥሩን ከፍ ያደርጉታል፤ ያም ሆኖ አናሳ መሆኑ ላይ ይስማማሉ። ሲሲሊያዊውና ቬኔዚያዊው ሲገናኙ አይግባቡም ማለት ነው። ለዚህ ነው ማሲሞ ዳዜሊዮ የተባለው ፖለቲከኛ «ጣሊያንን ሠራን፤ የቀረን ጣሊያናውያንን መሥራት ነው» የሚል ሐሳብ ተናገረ እየተባለ እስከ ዛሬ የሚነገርለት።

ይሄ ማለት ብዙ ቦታ ላይ መጀመሪያ ሀገሩ መጣ፤ «ከጥንት ጀምሮ አንድ የነበረው ሕዝብ» የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ዛሬ አንድ ሰው «እኛ ከጥንት ጀምሮ አንድ ነን» ሲላችሁ እነዚህን ቁጥሮች አስታውሱ።

ሕዝብ እንዴት ይሠራል?

በአራት ነገር፦ በትምህርት ቤት፣ በውትድርና፣ በባቡርና በጋዜጣ።

ትምህርት ቤቱን እንውሰድ። ፈረንሳይ በ1881 እና 1882 ባወጣቻቸው ሕጎች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርትን ነፃና ግዴታ አደረገች። በብሪታኒ ክልል ብሬቶንኛ ሲናገር የተያዘ ተማሪ አንድ የእንጨት ቁራጭ ወይም አሮጌ ጫማ ይሰጠዋል ወይ አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበታል። ነገሩን ከላዩ የሚያወርደው ሌላ ጓደኛው ብሬቶንኛ ሲናገር ሲይዘው ነው። ቀኑ ሲያልቅ እጁ ላይ የተገኘበት ልጅ ይቀጣል። ልጆቹ እርስ በርስ እንዲሰላለሉ ተደረጉ ማለት ነው። ዌልስ ውስጥም ተመሳሳይ ልማድ ነበር። በዚያ መንገድ ያደገ ልጅ ወላጅ ሲሆን የእናቱን ቋንቋ ለልጁ ባያወርስ ይገርማል?

ውትድርናም እንደዚሁ። የደቡቡ ልጅ ከሰሜኑ ልጅ ጋር አንድ ድንኳን ያድራል፣ አንድ ባንዲራ ይሰቅላል። ባቡሩ ከተማና ገጠሩን ያገናኛል።

ጋዜጣው ለእናንተ ለስልክ ትውልድ ይበልጥ ቅርብ ነው። ቤኔዲክት አንደርሰን የተባለ ምሁር በ1983 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ላይ ያለው በአጭሩ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው ከሀገሩ ልጆች አብዛኞቹን በሕይወቱ አያገኛቸውም፣ ስማቸውንም አይሰማም። ግን በዚያው ጠዋት ያንኑ ጋዜጣ በዚያው ቋንቋ እንደሚያነቡ ያውቃል። በዚህ ብቻ «እኛ» የሚል ስሜት ይፈጠራል። ምሁሩ ስሜቱ ውሸት ነው አላለም። በምናብ የተሠራ ነው ነው ያለው። በምናብ የተሠራ ነገር ደግሞ ሰው የሚሞትለት እውነት ሊሆን ይችላል።

«ሕዝብ»ን የሚተረጉሙ ሁለት መንገዶች

ናፖሊዮን በ1806 በርሊን ገባ። ጀርመን የምትባል አንድ ሀገር ያኔ አልነበረችም፤ ያሉት በርካታ ትንንሽና ትልልቅ ግዛቶች ናቸው። በባዕድ ወታደር ሥር በወደቀችው በርሊን፣ ፈላስፋው ፊኽተ ከ1807 መጨረሻ እስከ 1808 ተከታታይ ንግግር አደረገ። መልእክቱ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ መንግሥት ባይኖረንም ቋንቋችን አንድ ያደርገናል። የግሪም ወንድማማቾች ተረቶችን ሰብስበው በ1812 ማሳተም የጀመሩትም በዚሁ ዘመን ነው። ልጆች እንዲተኙ ብቻ አልነበረም። የሕዝቡ ነፍስ በገበሬው አፍ ውስጥ ናት የሚል እምነት ስለነበረ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች ተለያዩ። አንደኛው፦ ሕዝብ ማለት በአንድ ሕግ ሥር አብሮ ለመኖር የተስማማ ነው። ሁለተኛው፦ ሕዝብ ማለት በቋንቋ፣ በባህል፣ ኋላ ላይ ደግሞ በደም የተሳሰረ ነው፤ መርጠህ አትገባበትም፣ ትወለድበታለህ እንጂ።

የሁለቱ መንገዶች ግጭት በግልጽ የታየው አልዛስ ላይ ነው። ጀርመን በ1871 ፈረንሳይን አሸንፋ ክልሉን ወሰደች። ጀርመኖቹ «ቋንቋቸው ጀርመንኛ ነው፣ የኛ ናቸው» አሉ። ፈረንሳዮቹ «ራሳቸውን ጠይቋቸው፣ ከኛ ጋር መሆን ይፈልጋሉ» አሉ። በ1882 ኤርነስት ሬናን ሶርቦን ውስጥ ስለ ሀገር ምንነት ባደረገው ንግግር ሀገር በየቀኑ እንደሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ ነው አለ። አክሎም አንድ ሕዝብ አንድ ለመሆን ብዙ ነገር መርሳት እንዳለበት፣ ታሪክን ማዛባትም የዚሁ አካል እንደሆነ ተናገረ።

ነዋሪውን በእርግጥ የጠየቀው ግን የለም። በ1870 መጀመሪያ ስትራስቡርግ የተወለደ ሰው ዕድሜ ሰጥቶት 1945ን ካየ፣ ከቤቱ ሳይወጣ አራት ጊዜ መንግሥት ተቀይሮበታል፦ በ1871 ጀርመን፣ ከአንደኛው ጦርነት በኋላ ፈረንሳይ፣ በ1940 እንደገና ጀርመን፣ በጦርነቱ ማብቂያ እንደገና ፈረንሳይ።

ደግሞ አንዱ መንገድ ንጹሕ፣ ሌላው ቆሻሻ ነው ብለን አንቸኩል። የብሬቶን ልጆች አንገት ላይ እንጨት ያንጠለጠለችው ያቺው «ተስማምተን እንኑር» ያለችው ፈረንሳይ ናት።

የወጣቶች ሕልም፣ የመንግሥታት መሣሪያ

ጁሴፔ ማዚኒ «ወጣቷ ጣሊያን» የተባለውን ማኅበር በ1831 ሲመሠርት 26 ዓመቱ ነበር። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በአባልነት አይገባም ነበር። ማዚኒ ጣሊያን ብቻ አይደለም ሕልሙ፤ ሁሉም ሕዝብ ነፃ ከወጣ ጦርነት ራሱ ይቀራል ብሎ ያምን ነበር። በ1848 ሕልሙ እውን የሚሆን መሰለ። ፓሪስ፣ ቪየና፣ በርሊን፣ ሚላን፣ ቡዳፔስት፣ ሁሉም በአንድ ዓመት ተነሣ።

የከሸፈበት አንዱ ምክንያት ዛሬም ያስተምራል። ሀንጋሪዎች ከቪየና ነፃ እንውጣ ብለው ተነሡ። በእነሱ ሥር ያሉት ክሮአቶች፣ ሰርቦች፣ ሮማኒያውያንና ስሎቫኮች «እኛስ?» አሉ። የሀንጋሪ መሪዎች ለእነዚህ ያንኑ መብት ለመስጠት አልፈቀዱም። ቪየና ይህንን ቅራኔ ተጠቀመችበት፤ የክሮአቶቹ መሪ የላቺች ጦሩን ይዞ ሀንጋሪ ላይ ዘመተ። በ1849 ደግሞ የሩሲያ ጦር ገብቶ ነገሩን ጨረሰው። ለራስህ የምትጠይቀውን ነፃነት ለጎረቤትህ ስትከለክል፣ ጎረቤትህ ጠላትህ ካለበት ወገን ይሰለፋል። ነገሩ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ብሔርተኝነት ከወጣቶች እጅ ወጥቶ መንግሥታት እጅ ገባ። ቢስማርክ ከዴንማርክ፣ ከኦስትሪያና ከፈረንሳይ ጋር ሦስት ጦርነት አድርጎ ጀርመንን አንድ አደረገ። አዲሱ የጀርመን ግዛት በጃንዋሪ 1871 የታወጀው የት ይመስላችኋል? ፈረንሳይ፣ ቬርሳይ ቤተ መንግሥት ውስጥ። ውርደቱን ፈረንሳይ ሳትረሳው ኖራ በ1919 ጀርመንን እዚያው አዳራሽ ውስጥ አስፈረመቻት።

እኛ ጋ የደረሰው ጥይት

ታሪኩ የፈረንጅ ብቻ አይደለም። ፍራንቼስኮ ክሪስፒ የማዚኒ ተከታይ ነበር። በ1860 ከጋሪባልዲ ሺህ ዘማቾች ጋር ሆኖ ለጣሊያን አንድነት ሲሲሊ ላይ ዘምቷል። ይሄው ሰው ጠቅላይ ሚኒስትር ሲሆን ኢትዮጵያን ለመያዝ ጦር ላከ። ዘግይታ የተዋሐደችው ጣሊያን ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ እኩል ለመታየት ቅኝ ግዛት ያስፈልጋታል ብሎ ያምን ነበር። ማርች 1 ቀን 1896 አድዋ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ። ክሪስፒ በዚያው ሰሞን ሥልጣኑን ለቀቀ። በጣሊያን ከተሞች ጦርነቱን የተቃወሙ ሰዎች «ምኒልክ ይኑር» ብለው መጮኻቸውም ተመዝግቧል።

ለሀገሩ ነፃነት የዘመተ ሰው፣ የሌላውን ሀገር ነፃነት ለመቀማት ጦር አዘመተ። ይሄ የአንድ ሰው ግብዝነት ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ራሱ ሁለት ስለት አለው፤ «የኛ ሕዝብ ነፃ ይሁን» ከሚለው «የኛ ሕዝብ ይበልጣል» ወደሚለው ለመሻገር አንድ እርምጃ ይበቃል።

ሙሶሊኒ በ1935 ያንን እርምጃ እስከ መጨረሻው ሄደበት። ኢትዮጵያን ከወረረ በኋላ በ1937 የወጣው ሕግ ጣሊያናዊ ከቅኝ ግዛት ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከ1 እስከ 5 ዓመት እስር ፈረደበት። በ1938 ሕጎቹ ጣሊያናውያን አይሁዶች ላይ ዞሩ። በ1940 ደግሞ ከጣሊያናዊ አባትና ከሀበሻ እናት የሚወለድ ልጅ ጣሊያናዊ አይሆንም ተባለ። እንግዲህ «ጣሊያናዊ ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከመረብ ኳሷ ኮከብ በፊት የኛን ሰዎች ልጆች ዳኝቷል።

ሰውን በካርታ ልክ መቁረጥ

ወደ አውሮፓ እንመለስ። በ1914 ሳራዬቮ ላይ የኦስትሪያውን አልጋ ወራሽ የገደለው ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ 19 ዓመቱ ነበር። ከዚያ የተነሣው ጦርነት ሲያበቃ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ፣ የኦቶማን፣ የሩሲያና የጀርመን ዘውዶች ወድቀው ነበር። «ለእያንዳንዱ ሕዝብ የራሱ ሀገር» የሚለው መርህ ሥራ ላይ ሊውል ነው ተባለ። ግን ሰው እንደ ካርታ ቀለም ለየብቻ አይኖርም። አዲሲቱ ፖላንድ ስትቆም ከሕዝቧ አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚሆነው ፖላንዳዊ አልነበረም።

ካርታው ከሰው ጋር አልገጥም ሲል ምን ተደረገ? ሰውን በካርታው ልክ መቁረጥ። በ1923 ግሪክና ቱርክ በስምምነት ሕዝብ ተለዋወጡ። 1.2 ሚሊዮን ገደማ ኦርቶዶክሶች ወደ ግሪክ፣ ወደ 400 ሺህ የሚጠጉ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ። መለያው ሃይማኖት ነበር። ስለዚህ ከቱርክኛ በቀር የማያውቁ ኦርቶዶክሶች «ወደ ሀገራችሁ» ተብለው ግሪክ ገቡ። ግሪክኛ አፋቸውን የፈቱ የቀርጤስ ሙስሊሞችም «ወደ ሀገራችሁ» ተብለው ቱርክ ተላኩ። ሁለቱም ሀገራቸው ነው ወደተባለ፣ ግን አይተውት ወደማያውቁት ቦታ ነው የሄዱት።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ 100 ሺህ የሚያህሉ አይሁዶች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን ዘምተው፣ 12 ሺህ ገደማ ሞተውላት ነበር። በ1935 የኑረምበርግ ሕጎች ዜግነታቸውን ገፈፏቸው። ለሀገር መሞት እንኳ «የኛ ሰው» ለመባል አልበቃም። በመጨረሻ 6 ሚሊዮን የአውሮፓ አይሁዶች ተገደሉ። በ1995 ደግሞ «አይደገምም» ከተባለ ከ50 ዓመት በኋላ ስሬብሬኒሳ ውስጥ ከ8 ሺህ በላይ ሙስሊም ወንዶችና ታዳጊዎች በቀናት ውስጥ ተጨፈጨፉ። ገዳዮቹና ሟቾቹ አንድ ቋንቋ ነበር የሚናገሩት።

ታዲያ ሁሉም ብሔርተኝነት ክፉ ነው?

አይደለም። እንዲህ ብሎ መደምደም ስንፍና ነው። በኦገስት 1989 የኢስቶኒያ፣ የላትቪያና የሊቱዌኒያ ሰዎች ከሶቪየት አገዛዝ ለመውጣት እጅ ለእጅ ተያይዘው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ሰንሰለት ሠሩ። 2 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ወጣ ተብሎ ይገመታል። ያም ብሔርተኝነት ነው።

የስኮትላንድን የ2014 ሕዝበ ውሳኔም ተመልከቱ። ኤዲንብራ የሚኖር ፖላንዳዊ ወይም ናይጄሪያዊ ድምጽ መስጠት ይችል ነበር። ግላስጎው ተወልዶ ለንደን የሚኖር ስኮትላንዳዊ ግን አይችልም። ወሳኙ የት ትኖራለህ እንጂ ከማን ተወለድክ አልነበረም። 55 በመቶው ከብሪታኒያ ጋር እንቆይ አለ፤ ተገንጣዮቹ ተሸነፉ። ጥይት አልተተኮሰም።

እኛ ሀገር ይሄ ክርክር እንዴት እንደገባም በአጭሩ እንንገራችሁ። በ1913 መጀመሪያ ብዙ ሕዝቦች በአንድ ዘውድ ሥር በሚኖሩባት ቪየና ውስጥ ስታሊን ለሳምንታት ተቀምጦ ስለ ብሔር ጥያቄ አንድ ጽሑፍ ጻፈ። ብሔርን በጋራ ቋንቋ፣ በጋራ መሬት፣ በጋራ ኢኮኖሚና በጋራ ሥነ ልቦና ተረጎመው። ያ ጽሑፍ በ1960ዎቹ የኢትዮጵያ ተማሪዎች እጅ ገባ። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ላይ ያለውን ትርጉም ያነበበ ሰው ዝምድናውን ያየዋል። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። ዛሬ ማለት የፈለግነው ቃላቱ መነሻ ቦታና ቀን እንዳላቸው ነው።

አሁን ለምን ተመለሰ?

ከጦርነቱ በኋላ አውሮፓ ድንበር እያላላች መጣች። በ1951 ስድስት ሀገራት የድንጋይ ከሰልና የብረት ገበያቸውን አጣመሩ፤ ከዚያ ያደገው ዛሬ የአውሮፓ ኅብረት የምንለው ነው። ብዙዎች ብሔርተኝነት አለቀለት አሉ። አላለቀለትም። በ2016 ብሪታኒያ 52 ለ 48 ከኅብረቱ ለመውጣት መረጠች። በ2022 ጆርጂያ ሜሎኒ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች። በ2024 በፈረንሳይ የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ የማሪን ለፔን ፓርቲ 31 በመቶ ገደማ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። በፌብሩዋሪ 2025 ጀርመን ውስጥ አማራጭ ለጀርመን የተባለው ፓርቲ 20.8 በመቶ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። የ2008 የገንዘብ ቀውስ ብዙ ሰው ሥራ አሳጣ። በ2015 ከ1 ሚሊዮን በላይ ስደተኛ አውሮፓ ገባ። ብዙ ውሳኔ ብራስልስ ሄደ፤ መራጩም «እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለ። ይሄ የመጨረሻው ጥያቄ ያው የ1789 ጥያቄ ነው፤ በጥላቻ ብቻ መተርጎም አይበቃውም። ችግሩ የሚመጣው «እኔን ማን ጠየቀኝ?» የሚለው ሰው «እነሱ ግን አይጠየቁ» ሲል ነው። የ1848ቱን ሀንጋሪ አስታውሱ።

ጋዜጣ ያኔ የሠራውን ዛሬ ስልካችን ይሠራል። ልዩነቱ፣ ጋዜጣው አንድ ከተማ ሙሉ አንድ ወሬ ያነብ ነበር፤ ስልካችን ግን ለእያንዳንዳችን የሚያናድደንን መርጦ ያመጣል። «እኛ»ን ከመሥራት ይልቅ «እነሱ»ን መሥራት ይቀለዋል።

በእጃችሁ ያለው ነገር

በጁን 2025 ጣሊያን ሕዝበ ውሳኔ አደረገች። ከጥያቄዎቹ አንዱ ከአውሮፓ ኅብረት ውጪ የመጣ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ የሚኖርበት ዘመን ከ10 ወደ 5 ዓመት ይውረድ የሚል ነበር። ድምጽ ከሰጡት 65 በመቶ ገደማው «አዎ» አለ። ግን የወጣው ሕዝብ 30 በመቶ አካባቢ ብቻ ስለነበረ፣ ሕጉ ደግሞ ከግማሽ በላይ ስለሚጠይቅ፣ ወደቀ። ሜሎኒ ራሷ ምርጫ ጣቢያ ሄዳ ወረቀቱን እንደማትወስድ አስቀድማ ተናግራ ነበር። የወደቀው «አይ» ባሉት አይደለም፤ ቤታቸው በቀሩት ነው።

ውጤቱ የሚነካው እነማንን ነው? ለምሳሌ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ወላጆች ሮም ወይም ሚላን የተወለዱ ልጆችን። በሕጉ መሠረት እዚያ የተወለደ የውጭ ዜጋ ልጅ ከልደቱ ጀምሮ ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ ከኖረ፣ 18 ዓመት ሲሞላው ዜግነት መጠየቅ ይችላል። ያለው ጊዜ አንድ ዓመት ነው፤ 19 ሳይሞላው ማመልከት አለበት። ስለዚህ እዚያ የሚኖር ታናሽ ወንድም፣ የአክስት ልጅ፣ ጓደኛ ካላችሁ ዛሬውኑ ይሄን ንገሩት። ከዚህ ጽሑፍ ሌላው ቢረሳ ይሄ አይረሳ።

ለሌሎቻችን ደግሞ፣ ስልካችን ላይ «ሕዝባችን እንዲህ ሆነ» የሚል ነገር ስናይ፣ ሼር ከማድረጋችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ፦

አንደኛ፣ «ሕዝባችን» ሲል ማንን እየቆጠረ ነው? ማንንስ እያስወጣ?

ሁለተኛ፣ ለራሱ የሚጠይቀውን መብት ለጎረቤቱ ይፈቅዳል?

ሦስተኛ፣ «ከጥንት ጀምሮ» ካለ፣ ከመቼ ጀምሮ? ቀኑን ይንገረን።

ሦስቱንም የሚመልስ ብሔርተኛ ካገኛችሁ ቁጭ ብላችሁ ተወያዩ፤ ሊያስተምራችሁ ይችላል። አንዱንም የማይመልስ ከሆነ ግን የምትይዙት ሐሳብ ሳይሆን ሮዝ ቀለም መሆኑን እወቁ።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድን ሰው «የኛ ሰው» የሚያደርገው ምንድን ነው? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን፤ ስድብ ካልሆነ ሁሉንም እናነባለን።